አንድ አልጋ፣ ሁለት አባት

«እንግዲህ ጥፋትሽ፣ አባትሽ በሕይወት መኖራቸው ነው» አሉ መምህር ወልደዮሐንስ፣ መነጽራቸውን አውልቀው በኮታቸው እጅጌ እየወለወሉ።

ድርቤ የቀለዱባት መስሏት ፈገግ ልትል ነበር። ቀና ብላ ስታያቸው ግን ፊታቸው ላይ ቀልድ የለም። መምህር ወልደዮሐንስ የዘጠነኛ ክፍል የታሪክ አስተማሪ ናቸው፤ የችግረኛ ተማሪዎች ድጎማ ኮሚቴንም የሚመሩት እሳቸው ናቸው። ሰው ማስከፋት አይወዱም። ክፉ ወሬ መናገር ደግሞ ጨርሶ አይሆንላቸውም፤ በቀልድ ይጀምሩና መሐል ላይ ቃል ይጠፋቸዋል።

«ማመልከቻሽ ውድቅ ሆኗል፣ ልጄ። የተማሪዎች ማደሪያው በቅድሚያ የሚቀበለው አባት የሌላቸውን ነው። በተለይ አባታቸው ለእናት አገር ጥሪ ዘምቶ የቀረባቸውን። የአንቺ አባት አሉ፤ ገበሬ ናቸው፤ ጤነኛ ናቸው። ኮሚቴው ከዚህ በላይ አላየም።»

«አልጋው ሁሉ ተያዘ ማለት ነው?»

«አንድ ቀርታለች። ዓርብ ይግባኝ እንሰማለን። የምትጨምሪው ነገር ካለ አባትሽን ይዘሽ ነይ።»

ምን ትጨምራለች? የምታውቀውን ሁሉ በማመልከቻው ጽፋዋለች። በአገሯ በአኖ ያለው ትምህርት ቤት ስምንተኛ ክፍል ላይ ያበቃል። ነቀምት የመጣችው የአክስቷ ልጅ ቀለሟ ቤት ተጠግታ ነበር፤ የቀለሟ ባል ወደ ጊምቢ ተዛውሮ ቤቱን ቀበሌ ለሌላ ሰው ሰጠው። አባቷ እንዳይከራይላት፣ አምና ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ሞቶበታል፤ ከምርቱም የሚበዛው ለመንግሥት ኮታ ገብቷል። ይህን ሁሉ ጽፋ፣ የገበሬ ማኅበሩን ማኅተም አስመትታ ነበር ያስገባችው። በዚያ ዘመን ለመደኸየት እንኳ ማኅተም ያስፈልግ ነበር። ማኅተሙም ሳይበቃት ቀረ።

አልጋዋን ካላገኘች ወደ አኖ መመለስ ነው። አኖ ከተመለሰች ደግሞ ትምህርት አበቃ ማለት ነው፤ ይህን ማንም ሊያስረዳት አያስፈልግም።

ለጊዜው የምታድረው ጓደኛዋ ሐረግወይን ቤት ነው። የሐረግወይን አባት ጋሽ ገብረወልድ ከጉራጌ አገር መጥተው ነቀምት የከረሙ ባለሱቅ ናቸው፤ ቤታቸው ጠባብ፣ ልጃቸው ብዙ ነው። ድርቤ ከሦስት እህትማማቾች ጋር በአንድ ፍራሽ ላይ ስትተኛ፣ አንዷ ከተገላበጠች ሁሉም ይገላበጣሉ። ማንም ሂጂ አላላትም። ግን የሰው ቤት መቆየትም ልክ አለው፤ ልኩ እያለቀ መሆኑን ራሷም ታውቀዋለች።

«እና ምን ችግር አለው? ሞቷል በያ!» አለች ሐረግወይን፣ የሱቁን መደርደሪያ እያጸዳች ወሬውን ስትሰማ።

«ማን?»

«አባትሽ ነዋ። አኖ ድረስ ሄዶ ሬሳ የሚፈልግ ኮሚቴ አለ?»

«በአባቴ አላሟርትም።»

«ኧረ አቦ፣ ለወረቀት ነው እኮ! ሰውየው እዚያው በሬውን ይጠምዳል፣ አንቺ እዚህ ትማሪያለሽ። በወረቀት የሞተ ሰው ምን ይጎድለዋል? ፋራ አትሁኚ።»

ጋሽ ገብረወልድ ከጨው ጆንያው ጀርባ ድምፃቸውን አሰሙ። «ሐረግ፣ የሰው አባት መግደሉን ተይና ሳሙናውን ደርድሪ።»

ሐረግወይን ምላሷን አውጥታ ሳሙናውን መደርደር ጀመረች። ድርቤ ሳቀች፤ ሳቁ ግን ውስጧ አልደረሰም። አባቷ የሌለበት አኖ እንዴት ያለ አገር እንደሚሆን ለአንድ አፍታ አስባ ነበር፤ በማሰቧ ብቻ በደለኛ የሆነች መሰላት።

በማግስቱ ወደ አኖ በምትመለስ የቅቤ ነጋዴ አፍ ላከች፦ ማመልከቻው ወድቋል፣ ዓርብ ይግባኝ ይሰማል፣ አባቴ ይምጣ።

አባቷ ዋጋሪ ዓርብ ጠዋት በመጀመሪያው አውቶቡስ ደረሰ። ለሠርግና ለለቅሶ ብቻ የሚለብሳትን ጥቁር ኮት ለብሷል፤ ከፀጉሩ ላይ አቧራውን እያራገፈ ወረደ። ድርቤ ሮጣ ጉልበቱን ሳመች። ሁልጊዜ ሲያገኛት «ኢንተላ ኮ» ይላታል፣ ልጄ ማለቱ ነው፤ ቀጥሎም ቁመቷን በእጁ ለክቶ፣ «የነቀምት ውሃ የሸምበቆ ውሃ ነው» ብሎ ይቀልዳል። ዛሬ ግን አላለም። ራሷ ላይ እጁን ጭኖ ቆየ።

«አሞሃል እንዴ፣ አባ?»

«መንገዱ ነው» አለ። ትንሽ እንደሄዱ ደግሞ፣ «ድርቤ፣ ሰው ከአፉ የሚያወጣውን ሁሉ ታምኛለሽ?» አላት።

«እንደ ሰውየው ነው።»

«ጥሩ» አለ አባቷ።

ኮሚቴው የተሰበሰበው ከቤተ መጻሕፍቱ ጎን ባለች ክፍል ነበር። መምህር ወልደዮሐንስ መሐል ተቀምጠዋል። በግራቸው የቀበሌዋ ጸሐፊ፣ በቀኛቸው ከገበሬ ማኅበራት የተወከሉት ሽማግሌ፣ ኦቦ ጆቴ። ኦቦ ጆቴ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው አባቷን በኦሮምኛ፣ ከነቤተሰቡ ከነከብቱ ደኅንነቱን ጠየቁት፤ አባቷም በአገሩ ወግ መለሰ። ከዚያ፣ «በኦሮምኛ ተናገር፣ ለጓድ ሰብሳቢው እኔ አስረዳለሁ» አሉት።

«አይ። በአማርኛ ይሁን» አለ ዋጋሪ።

ድርቤ ገረማት። የአባቷ አማርኛ የገበያ አማርኛ ናት። ጨው ለመግዛት ትበቃለች፤ ለይግባኝ ግን አትበቃም። እንዳያፍር ፈርታ አንገቷን ደፋች።

አባቷ ተነሥቶ ቆመ። ኮቱን ቆለፈ። ከዚያ ቃል በቃል፣ ሲያጠናው እንደከረመ ሰው፣ «ይህች ልጅ የእኔ ልጅ አይደለችም» አለ።

ድርቤ አማርኛው የተሳሳተበት መሰላት። ቀና ብላ ልታርመው ነበር።

«አባቷ ፉፋ ነገራ ነው። ጎረቤቴ ነበር። በስልሳ ዘጠኝ ሚሊሻ ሆኖ ዘመተ። ምሥራቅ ላይ ሞተ። እናቷ ስትወልዳት ሞታለች። ወረቀቱ ይኸውና።» ከኮቱ ውስጥ የገበሬ ማኅበሩ ማኅተም ያለበት ወረቀት አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ አኖረ።

መምህር ወልደዮሐንስ አንብበው ለጸሐፊዋ አሳለፉት። «ታዲያ ስሟ ድርቤ ዋጋሪ የሆነው እንዴት ነው?»

«ትምህርት ቤት ሳስገባት ስም ጠየቁ። የእኔን ሰጠሁ።»

ኦቦ ጆቴ ባርኔጣቸውን ከጉልበታቸው አንሥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። «ቆይ፣ ጓድ ሰብሳቢ። ይህ ነገር መጣራት አለበት። በእኛ አገር በጉዲፈቻ የተወሰደ ልጅ ከተወለደ ልጅ አይለይም። ሽማግሌ ይቀመጣል፣ ወይፈን ይታረዳል፣ የሚወስደው ሰው ይምላል። ከዚያ በኋላ አባቱ እሱ ነው፤ ሌላ አባት የለም። እንደዚያ ከሆነ ልጅቷ አባት አላት፤ አልጋውም አይገባትም።» ወደ ዋጋሪ ዞሩ። «በጉዲፈቻ ወስደሃታል?»

«አልወሰድኩም።»

«ሽማግሌ አልተቀመጠም?»

«አልተቀመጠም።»

«ወይፈንስ?»

«አልታረደም።»

«አልማልክም?»

አባቷ የኮቱን ቁልፍ ያዘ፣ ለቀቀ። «አልማልኩም» አለ።

«ታዲያ ምንህ ናት?»

«ሜዳ ላይ የቀረች ልጅ ናት። ቤት ውስጥ ትሠራለች። እኛም እናበላታለን።»

ኦቦ ጆቴ አባቷን ረጅም ጊዜ አዩት። እሳቸው በዚያ አገር ስንት ልጅ ሲሰጥና ስንት ወይፈን ሲታረድ ያዩ ሰው ናቸው፤ የሚዋሽ ሰው ፊትም አይጠፋቸውም። ይሁን እንጂ ሌላ ጥያቄ አልጨመሩም። ባርኔጣቸውን መልሰው ጉልበታቸው ላይ አደረጉና፣ በዝቅተኛ ድምፅ በኦሮምኛ፣ «እግዜር ይቅር ይበልህ» አሉት።

ከዚያ የሆነውን ድርቤ በደንብ አታስታውሰውም። መምህር ወልደዮሐንስ ይግባኙ ተቀባይነት አገኘ ሲሉ ሰምታለች። ቀጥሎ፣ «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ድርቤ ፉፋ» ብለው እጃቸውን ዘረጉላት፤ እጇን ሰጠቻቸው። እሷን የጠየቃት ሰው አልነበረም። ስለ እሷ ሲባል የተጠራ ስብሰባ ተጀምሮ እስኪያልቅ አንዲት ቃል አልተናገረችም።

አውቶቡስ ማቆሚያው አጠገብ ካለው የማንጎ ዛፍ ሥር ተቀመጡ። አባቷ እናቷ ዘርፈሽ የላከችውን ጥቅል ፈትቶ የተቀቀለ አንጮቴ፣ የአገራቸውን ሥራ ሥር፣ አወጣ። ለሁለት ከፈለና ትልቁን ለእሷ ዘረጋ። አልተቀበለችውም።

«ቤት ውስጥ ትሠራለች አልክ» አለች። ሁለቱ ብቻቸውን ሲሆኑ ሁልጊዜ የሚያወሩት በኦሮምኛ ነው፤ አሁንም በኦሮምኛ ነበር።

«አልኩ።»

«እናበላታለን አልክ።»

«እሱንም አልኩ።»

«ያልወለድከኝ ከሆነ እሺ፣ ይሁን። ግን ለምን ሠራተኛ አደረግከኝ?» እሺ አልነበረም፤ ምኑም እሺ አልነበረም። እንባዋ አገጯ ላይ ደርሶ ደብተሯ ላይ ይንጠባጠባል፤ እሷ ግን አልጠረገችውም።

ዋጋሪ አንጮቴውን መልሶ ጥቅሉ ላይ አኖረ።

«ውሸቴን ነው» አለ። «ሽማግሌው ተቀምጧል። ወይፈኑም ታርዷል፤ ቀይ ነበር፣ ግንባሩ ላይ ነጭ ያለበት። እናትሽ በወለደችሽ በሦስተኛው ቀን ሞተች። ፉፋ ብቻውን ቀረ፤ አንቺ ታለቅሺያለሽ፣ እሱም ያለቅሳል። እኔና ዘርፈሽ ደግሞ ልጅ አልነበረንም። በገዛ እጁ አምጥቶ እቅፏ ላይ አኖረሽ። እኔም ሽማግሌው ፊት ማልኩ፦ ብደኸይም ባገኝም ልጄ ናት፤ ልጄ አይደለችም ያልኩ ዕለት የዘራሁት አይብቀል።»

«ኦቦ ፉፋ? ሸንኮራ የሚያመጣልኝ?»

«እሱ።»

ድርቤ ኦቦ ፉፋን ታውቀዋለች። አኖ ያለ ልጅ ሁሉ ያውቀዋል፤ ለእሷ ግን ሸንኮራ የሚያመጣው ሰው ነበር። ግቢያቸው ገብቶ አያውቅም። የአጥሩ እንጨት ላይ ክርኑን አስደግፎ ይቆምና፣ ሸንኮራውን በአጥሩ ላይ ያሳልፍላታል። እናቷ «ግባ እንጂ፣ ፉፋ» ስትለው፣ «ልሂድ፣ ከብት ትቼ ነው» ይላል። ከብት አልነበረውም። ድርቤ ይህን ታውቅ ነበር፤ ትንሽ ልጅ ሆና እንኳ፣ ከብት የሌለው ሰው ምን ትቶ ነው እያለች ትስቅበት ነበር። ሚሊሻው በጭነት መኪና ወደ ታጠቅ ጦር ሰፈር የተጫነ ዕለትም በአጥሩ በኩል መጥቶ ቆሟል። ያን ቀን ሸንኮራ አልያዘም። «እደጊ» ብቻ ብሏት ሄደ።

እሷ ደግሞ ሸንኮራ ስላላመጣ ተቀይማው ነበር።

«ለምን በአማርኛ ተናገርክ?» አለች።

«የማልኩት በኦሮምኛ ነዋ። በኦሮምኛማ ሞክሬው ነበር። ከአኖ እስከ ነቀምት አውቶቡስ ውስጥ፣ በልቤ፣ ስሞክረው መጣሁ፤ እምቢ አለኝ። አማርኛዬ ግን...» ትከሻውን ነቀነቀ። «አማርኛዬ እኔን ብዙም አታውቀኝም።»

«እኔን ማንም አልጠየቀኝም፣ አባ።»

«ምን ብለው ይጠይቁሽ?»

«አባትሽ ማነው ብለው።»

«እንኳንም አልጠየቁሽ። አንቺ አፍሽ ንጹሕ ነው። የዋሸሁት እኔ ነኝ፤ ቢመጣም የሚመጣው በእኔ ነው። አንቺ ተማሪ ብቻ።» ከዚያ፣ እንደ ልማዱ፣ ለመቀለድ ሞከረ። «በቆሎዬ ካልበቀለ ተምረሽ ትቀልቢኛለሽ። ከበቀለ እኔ እቀልብሻለሁ። በየትም በኩል አንራብም።»

አውቶቡሱ ሲመጣ ጥቅሉን እንዳለ እጇ ላይ ትቶላት ተነሣ። «ማደሪያው ድረስ እየመጣሁ አይሻለሁ። ስመጣ ግን ጎረቤት ነኝ። አባ አትበይኝ፤ ጉልበትም አትሳሚ። ጎረቤት በእጅ ነው የሚጨበጠው። እሺ?» ድርቤ እሺም እምቢም ሳትለው አውቶቡሱ ውስጥ ገባ።

ማደሪያው ከአንድ የቀድሞ ባላባት የተወረሰ ሰፊ ግቢ ነው፤ ዙሪያው በሽቦ የታጠረ። የድርቤ አልጋ የመስኮት ሥር አልጋ ናት። በትምህርት ዘመኗ ሁሉ ብቻዋን የተኛችባት የመጀመሪያዋ አልጋ ናት። ቁርስ አለ፣ ምሳ አለ፣ ማታ የሚነበብበት መብራት አለ። የጎደለ ነገር ቢኖር ስሟ ነው። አስጠኚዋ «ድርቤ ፉፋ» እያለች ስትጠራ፣ ድርቤ፣ ሌላ ልጅ የተጠራች ይመስል፣ አቤት አትልም። ጎረቤት አልጋ ያሉት ልጆች፣ «ጆሮዋ ታሟል» እያሉ ሳቁባት።

እሑድ የጠያቂ ቀን ነው። ዘመድ ገብቶ በረንዳው ላይ ይቀመጣል። ዘመድ ያልሆነ ሰው፣ ጎረቤትም ይሁን የአገር ልጅ፣ ከሽቦው ውጭ ቆሞ ያነጋግራል። ያኔ የማይታወቅ ሰው ግቢ ማስገባት ያስጠይቅ ስለነበር፣ ዘበኛው ጉሉማ በዚህ ነገር ቀልድ አያውቅም።

አባቷ መጀመሪያ የመጣው ሚያዝያ ላይ፣ በቆሎውን እንደዘራ ነው።

«ምኗ ነህ?» አለው ጉሉማ።

«ጎረቤት ነኝ። ከአኖ።»

ድርቤ አጠገባቸው ደርሳ ነበር። ዝም አለች። ዝም ማለቷ መልስ ሆኖ ተቆጠረ፤ በሩ አልተከፈተም። በሽቦው ቀዳዳ እጁን ዘረጋላት፤ እንደ ጎረቤት ጨበጠችው። መዳፉን የምታውቀው ራሷ ላይ ሲያርፍ ነው፤ ሲጨብጡት እንዲህ ሻካራ መሆኑን አታውቅም ነበር።

«እናትሽ ደህና...» ብሎ ጀመረና ወደ ዘበኛው ሰረቅ አድርጎ አየ። «ዘርፈሽ ደህና ናት። ሰላም በላት ብላለች።»

ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ በሬው አወሩ። ጎረቤት የሚያወራውን ሁሉ አውርተው ሲጨርሱ ሄደ። በረንዳው ላይ ከእናቶቻቸው ጋር ዳቦ የሚበሉት ልጆች ጠርተዋት ነበር፤ ሆዴን አሞኛል አለቻቸው።

በሚቀጥለው ሳምንት የሒሳብ ፈተና ውጤት ወጣ፤ ድርቤ ከክፍሉ ሁለተኛ ሆነች። መምህር ወልደዮሐንስ ራሳቸው ጠርተው፣ «አየሽ፣ አልጋዋ ለሚገባት ሰው ደረሰች» አሏት። ድርቤ ውጤቷን በሁለት እጇ ይዛ አመሰገነች። ደስታው የመጣው ግማሹ ብቻ ነበር። ሌላው ግማሽ ማን ጋ እንደቀረ ታውቃለች።

ሁለተኛ ጊዜ የመጣው ግንቦት ሲገባ ነው። ያን እሑድ ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላባራም። ጠያቂው ሁሉ በረንዳው ላይ ተጠጋግቶ ተቀምጧል፤ ልጆቹ በእናቶቻቸው ጋቢ ውስጥ ገብተዋል። ዋጋሪ ከሽቦው ውጭ ቆሟል። የሠርግና የለቅሶ ኮቱን ራሱ ላይ አድርጎ፣ በብብቱ ጥቅል ይዟል። ድርቤ ነጠላዋን ተከናንባ ሮጣ ሄደች።

«አካም ጂርታ፣ የፉፋ ልጅ» አላት፤ እንዴት ነሽ ማለቱ ነው። ከብብቱ ያወጣው ጥቅል በኮባ ቅጠል የተሸፈነ ነበር። ቅጠሉን ገለጥ አድርጎ በሽቦው መሐል አሳያት፦ ከነሥሩ የተነቀለ፣ ሁለት ቅጠል ያወጣ የበቆሎ ቡቃያ። «ይኸው፣ በቀለ። እኩሉ ይቀራል ብዬ ነበር፤ አንድም አልቀረም። እግዜር እንዳልሰማ ሆኖ አለፈኝ።» ሳቀ። ዝናቡ ከኮቱ ጫፍ ወደ አንገቱ ይወርዳል።

«እየበሰበስክ ነው። ዛፍ ሥር ተጠጋና እስኪያባራ ቆይ።»

ዋጋሪ ክርኑን የአጥሩ ምሰሶ ላይ አስደግፎ ነበር። ወደ በረንዳው አየ፣ ወደ ዘበኛው አየ፣ ወደ እሷ አየ።

«ልሂድ» አለ። «ከብት ትቼ ነው።»

ድርቤ ባለችበት ቀረች። አባቷ ምን እንዳለ አላወቀውም፤ ዝም ብሎ ከአፉ የወጣ ነገር ነው። እሷ ግን እነዚያን ቃላት ከየት እንደምታውቃቸው ታውቃለች። ከአኖ ነቀምት በአውቶቡስ የመጣ ሰው ምን ከብት ትቶ ይመጣል? እንዲህ የሚለው ግባ የማይባል ሰው ነው። ልጁን ከአጥር ውጭ ሆኖ የሚያይ ሰው ነው። አንዱ አባቷ እንዲህ ቆሞ ቆሞ ሄዷል፤ እሷም ሳታውቅ ስቃበታለች። ያኔ ልጅ ነበረች፤ የነገራትም አልነበረም።

«ቆይ፣ አትሂድ» አለችው። ወደ በሩ ሄደች። ጉሉማ ካፖርቱን ደርቦ የዘበኛ ቤቷ ደጃፍ ላይ ተቀምጧል።

«ኦቦ ጉሉማ፣ በሩን ይክፈቱልኝ።»

«ለማን?»

«ለእሱ። ዝናብ እየደበደበው ነው።»

«የጎረቤት ቦታ አጥሩ ነው። ደንቡን ታውቂያለሽ።»

«ጎረቤቴ አይደለም። አባቴ ነው።» በኦሮምኛ ነበር የተናገረችው፤ ቃሉም ሳይቸግራት ወጣ።

ጉሉማ ተነሣ። በረንዳው ላይ ያሉትን ዞር ብሎ አየና ድምፁን ቀነሰ። «ስሚኝ፣ ልጄ። አልጋ የተሰጠሽ አባቷ ሞቷል ተብሎ ነው። ይህን ከሰማሁ ነገ ጠዋት ለመምህር ወልደዮሐንስ መናገር አለብኝ፤ ካልተናገርኩ የእኔ እንጀራ ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ አልሰማሁሽም። ደግሜ ልጠይቅሽ። ያ ሰውዬ ምንሽ ነው?»

እስከ ዛሬ የጠየቃት ሰው አልነበረም። ድርቤ ወደ አጥሩ ዞረች። አባቷ ነገሩ ገብቶት ከሽቦው ማዶ ራሱን ይነቀንቃል፤ አትበይ፣ አትበይ ይላታል። የመስኮት ሥር አልጋዋን አሰበች፤ ፍራሹ ሥር ያስቀመጠችውን የሒሳብ ውጤት አሰበች፤ የአኖን የስምንተኛ ክፍል በር፣ ከዚያ ወዲያ ሌላ ክፍል የሌለበትን፣ አሰበች። የምታጣውን አሳምራ ታውቃለች፤ አባቷ ምን ብሎ እንደሚያዝንባትም ታውቃለች።

«ለመምህር ይንገሯቸው» አለች። «አባቴ በሕይወት አለ። ይክፈቱልኝ።»

ጉሉማ ትንሽ ጠበቃት፣ ሐሳቧን ትቀይር እንደሆነ። ከዚያ ካፖርቱን ገለጠና ቁልፉን ይፈልግ ጀመር።